ለጊዜው የኖርንበት ግቢ

በድሬዳዋ ዛፍ የሌለው ግቢ ፍለጋ የወጣ ሰው፣ ጫማው አልቆ በተረከዙ ቢሄድ እንኳን የሚያገኘው አንድ ብቻ ነበር፤ የእኛን። የሰፈራችን የከዚራ ሰው በጥላ ሥር ተወልዶ፣ በጥላ ሥር ተኮራርፎ፣ በጥላ ሥር የሚታረቅ ሕዝብ ነው። ጎረቤቶቻችን ኒም አላቸው፣ ማንጎ አላቸው፤ አንዱማ ከባቡሩ ጋር የመጣ ፈረንጅ ተክሎት የሄደ፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ዛፍ ነበረው። እኛ ፀሐይ ነበረን። ግቢያችን መሃል እንቁላል ቢቀመጥ ይበስላል እየተባለ ይወራ ነበር። ውሸት ነው፤ ያስወራሁት እኔ ነኝ። እንቁላሉ ይፈለፈልና ጫጩቱ ጥላ ፍለጋ ጎረቤት ይገባል እንጂ አይበስልም።

ዛፍ የከለከሉን አያታችን ነበሩ። እናትና አባታችን ቀደም ብለው ስላረፉ ታላቅ እህቴንና እኔን ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። በድሬዳዋ ትንሹም ትልቁም «አንተ» ነው የሚባባለው፤ ሽማግሌውን «እርስዎ» ቢሉት ምን አጠፋሁ ብሎ ይደነግጣል። በእኛ ቤት ግን አባባ «እርስዎ» ነበሩ፤ የደጋ ሰዎች መሆናችንን እንዳንረሳ።

«አባባ፣ አንዲት ኒም ብንተክልስ?»

«ዛፍ የተከለ ሰው ቀረ ማለት ነው። እኛ እዚህ ለጊዜው ነን።»

ይህ «ለጊዜው» የጀመረው ሐዲዱ ሲዘረጋ ነው። አባባ ገና ጢም ሳያወጡ ከተጉለት ወርደው ለባቡሩ መንገድ ድንጋይ ሊፈልጡ መጡ። ያኔ ድሬዳዋ በእሳቸው አነጋገር «ባዶ ነበረች። ሰው የለ፣ ቤት የለ፣ ውሻ እንኳን የሚጮህበት አጥቶ ዝም ያለበት አገር።» እኔ ደግሞ ይህን ለጓደኞቼ ሳወራ ሁለት ድንኳንና አንድ የተኮሳተረ ግመል እጨምርበታለሁ። አባባ ቤታቸውን ከሐዲዱ አጠገብ ሠሩ፤ የእንጨቱም፣ የጭቃውም ሥራ የእጃቸው ነበር። ከእሳቸው ጋር የወረዱት ሌሎቹ ደገኞችም እንዲሁ ጎጆ ጎጆ እየቀለሱ ሰፈሩ፤ ያገቡ አገቡ፣ የወለዱ ወለዱ፤ ሁሉም ለጊዜው።

ለጊዜው የሚኖር ሰው አያያዙ ይታወቃል። ልብሳችን ቁም ሣጥን ገብቶ አያውቅም፤ ሻንጣ ውስጥ ነው የኖረው። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ቀለም አልነካውም። ሴት አያታችንም ወላጆቻችንም ሲቀበሩ አባባ ለካህናቱ «በአደራ ነው» ነበር ያሏቸው፤ አንድ ቀን አጽማቸው ተነሥቶ ወደ አገር ሊሄድ። የእኛ ሙታን እንኳን ጓዛቸውን ሸክፈው ነው የተኙት።

ከሁሉም የሚብሰው የእትብቱ ነገር ነበር። ሕፃን ተወልዶ እትብቱ ደርቆ ሲወድቅ አባባ በባዘቶ ይጠቀልሉትና ክዳን ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጡታል። ከዚያ የታመነ መንገደኛ ሲገኝ በባቡር ወደ ደጋ ይላካል፤ አባባ በተወለዱበት ግቢ አጥር ሥር ይቀበራል። የአባታችን እዚያ ነው። የእህቴም፣ የእኔም እዚያ ነው። ስለዚህ እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ እትብቴ ግን አይቼው በማላውቀው አገር ብርድ እየመታው ይኖራል። ደጋ ላይ ውርጭ ሲወርድ እዚህ ሆዴን ይቆርጠኛል ብዬ ከትምህርት ቤት የቀረሁበት ቀን አለ። አስተማሪው አመነኝ፤ እሱም ደገኛ ነበር።

ከዚያ ደርግ መጣ፣ የሶማሊያው ጦርነትም መጣ፣ ሐዲዱም ተቆረጠ።

እህቴ፣ እታለም ነበር የምላት፣ የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በዚያው ሰሞን ነው። ባሏ በዕቃ ባቡር ላይ ስለሚሠራ ሥራው ወደወሰደው ይሄዳል፤ እሷም እኛው ጋር ነበር የምትኖረው። ወንድ ልጅ ነበር። እትብቱ ወደቀ፣ ቆርቆሮው ውስጥ ገባ፣ የሚወስደው ባቡር ግን አልነበረም። ልጁ ሳይቀመጥ ሞተ። ሐኪሙ ትኩሳት ነው አለ። ባቡሩ እንደገና መንቀሳቀስ ሲጀምር ለወታደርና ለነዳጅ እንጂ ለመንገደኛ አልነበረም፤ እታለምም ሁለተኛ ወለደች። ሴት። የእሷም እትብት ቆርቆሮው ውስጥ ገባ። ሕፃኗም ሞተች። ሐኪሙ አሁንም ትኩሳት ነው አለ፤ በድሬዳዋ ሐኪም ትኩሳት ነው ማለት፣ ቄስ ኃጢአት ነው እንደማለት ነው፤ ማን ይክደዋል?

ከዚያ በኋላ በቤታችን እኩለ ቀን ተፈራ።

ሌላው አገር ሰው የሚፈራው ጨለማን ነው። ድሬዳዋን የሚያውቅ ግን ይገባዋል። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ከተማዋ ትሞታለች። ሱቅ ይዘጋል፣ ውሻ ይተኛል፣ ጫት የያዘው ጫቱን እንደያዘ ጋደም ይላል። መንገድ ላይ አንድ ሰው አይታይም፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ጠፍቶ የማይታይ ሰው ብዙ ስለነበረ፣ ጸጥታው ሁሉ የሆነ ሰው ጥሎት የሄደ ይመስላል። በዚያ ሰዓት የእታለም ክፍል ምሰሶ ይንቋቋል። እንጨት በሙቀት ይንቋቋል እንጂ ምን ይሆናል እል ነበር። ግን ምሰሶው ላይ እጅ ሲያሳርፉበት ይቀዘቅዛል፤ ደግሞም ይረጥባል፤ ያላበው ሰው ግንባር ይመስል።

አንድ ቀን እታለም ከመስኮቱ ሳትነቀል፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠራችኝ።

«ና እስቲ። ያቺ ሴትዮ ማን ናት?»

«የቷ?»

«ግቢው መሃል የተቀመጠችው።»

አየሁ። ፀሐይና አቧራ ነው። «እታለም፣ እዚያ የተቀመጠ ሰው እስካሁን ተጠብሷል።»

«አታሹፍ! እግሯን ዘርግታ ነው የተቀመጠችው። ጥላ ውስጥ እንደተቀመጠ ሰው። ዓይኗን እንኳን አትከልልም።»

ልቀልድ አፌን ከፈትኩ፤ የሚቀለድ ነገር ግን አጣሁ። ይህ በሕይወቴ የደረሰብኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። አባባ በኋላችን መጥተው ቆመው ነበር። እሳቸውም በመስኮቱ አሻግረው አዩ፤ ምንም ሳይጠይቁ መጋረጃውን ሳቡት። ምን ታያለሽ እንኳን አላሏትም። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።

እታለም ሦስተኛ አረገዘች። ሆዷ እየገፋ ሲመጣ በእጇ ደግፋው ነበር የምትሄደው፤ ሌባ እንደሚከተለው ሰው። ለማንም አልነገረችም እንጂ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ይህኛው እንዲቀመጥላት፣ እንዲድህላት፣ ግቢው ውስጥ አቧራ በአቧራ እንዲሆንላት።

አባባ የልጆቹን ሞት የሚያውቁት በራሳቸው መንገድ ነበር። «እትብታቸው አገሩ ሳይገባ ቆርቆሮ ውስጥ ተንጠለጠለ። ነፍስ ምን ትያዝ?» አሉ። ባቡሩ መንገደኛ መጫን ሲጀምር ጠሩኝና ቆርቆሮውን ሰጡኝ። «ይህ ሳይወለድ እነዚያን ወስደህ ቅበር። ያኔ ይኼኛው ይተርፋል።»

ለመሄድ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ሊቀ መንበሩ የሰፈራችን ሰው ነው፤ አብዮቱ ሳይመጣ ዶሮ ነጋዴ ነበር፤ ከመጣ በኋላም ሰውን የሚያየው ክብደቱን እንደሚገምት ሆኖ ነው።

«ጓድ፣ የጉዞህ ምክንያት?»

«እትብት ልቀብር።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «የማን?»

«የእህቴ ልጆች።»

«የት ናቸው ልጆቹ?»

«ሞተዋል።»

ሊቀ መንበርነቱ ትዝ አለውና ጎሮሮውን ጠራረገ። «ይህ ኋላ ቀር ባህል ነው ጓድ። ደግሞስ እዚህ መሬት ጠፍቶ ነው? እናንተ እዚህ ከሰፈራችሁ ስንት ዘመናችሁ?»

«እኛ ለጊዜው ነን» አልኩ፤ አፌ የለመደው ነው።

«ለጊዜው? አያትህ የመጡት ባቡሩ ሳይመጣ አይደል እንዴ? ሦስት ትውልድ ለጊዜው?» ሳቀ። ጸሐፊውም ሳቀ። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ። «አቦ፣ ይሄስ ከእኔ አቅም በላይ ነው! ሂድ ወደ ቤትህ። ሞት ካለ፣ ሠርግ ካለ ትመጣለህ። ለእትብት ወረቀት አንሰጥም።»

በሕይወቴ ሙሉ ሰው የማስቀው እኔ ነበርኩ። ያን ቀን ግን ቆርቆሮውን ታቅፌ በሳቃቸው መሃል ወጣሁ፤ ውስጡ ያሉት ነገሮች ባዘቷቸው ውስጥ ኮሽ ኮሽ ይሉ ነበር።

ቤት ስደርስ እታለም አጥሩ ጥግ ቆማ ከጎረቤታችን ጋር ታወራለች። እኚህ ጎረቤት ቀፊራ ገበያ ቅመም የሚሸጡ የኦሮሞ አሮጊት ናቸው፤ ሰፈሩ በሙሉ «አዮ» ይላቸዋል፤ እናት ማለት ነው። አዮ አጥሩን አልፈው ግቢያችን ገብተው አያውቁም። ቅመም ሲሰጡን እንኳን በአጥሩ ላይ ያቀብሉናል። እኔ ፀሐያችንን ፈርተው ነው እል ነበር።

«መጣህ?» አሉ አዮ። «ከለከሉህ አይደል? ደግ ከለከሉ።»

«አዮ ደግሞ! አንቺም ካድሬ ሆንሽ?»

«ዝም በል አንተ ለፍላፊ። እህትህ ምን እንዳየች ነገረችኝ።» ወደ ግቢው መሃል በአገጫቸው ጠቆሙ። «ነጠላ የላትም፣ ሻሽ አላት፣ ቢጫ። ግራ እግሯን ትዘረጋለች። አይደለም?»

እታለም ሆዷን ያዘች። «ሻሿን ለማንም አልነገርኩም።»

«የእናቴ እህት ናት» አሉ አዮ፤ ቅመም ተወደደ እንደሚሉ ሆነው። «እዚህ ሮቃ ነበረ። ያ ፍሬው እየተዘፈዘፈ ሁመር የምንጠጣው ዛፍ የለም? እሱ። ከሐዲዱ በፊት፣ ከሁሉ በፊት። ግመል ይዞ ለሚያልፈውም፣ ከብት ለሚነዳውም ጥላ ነው። የእኛም ሴቶች የልጆቻቸውን እትብት ከሥሩ ይቀብራሉ። እሷ አንድ ልጅ ነበራት። ሐዲድ ሥራ ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም፤ ሬሳም የለ፣ ወሬም የለ። ያላት እትብቱ ነው፤ ከዛፉ ሥር። እሷም ሥራዋን ትጨርስና ቀን ቀን መጥታ ከልጇ ጋር ትቀመጣለች። ከዚያ አያትህ መጣ። ቤት ሊሠራ ዛፉን ቆረጠ።»

«እሳቸው ባዶ ነበር ይላሉ...» አልኩ።

«ባዶ!» አዮ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን አልጣማቸውም። «ወላሂ እሷ ከሥሩ ተቀምጣለች። ነይ ተነሺ አላት በእጁ፤ ቋንቋ የለውም። ፈቀቅ አለች። ዛፉ ወደቀ። በማግሥቱ ቀን መጣች፤ ጥላው የነበረበት ቦታ ላይ ተቀመጠች፤ ፀሐይ ላይ። በማግሥቱም። አያትህ በሩ ላይ ቆሞ ያያታል። ውኃ አላቀበላት፣ ሂጂም አላላት። እንዲህ ሆና ኖረች። አንድ ቀን ቀረች። እናቴ የቀረች እንዳይመስልሽ ትለኝ ነበር።»

እታለም ብዙ አልጠየቀችም። «ምሰሶው፣» አለች ብቻ፣ «የክፍሌ ምሰሶ ከምኑ ነው?»

አዮ ዛፉ ወደነበረበት ዞረው አዩ። መልሱን ሁላችንም ስናደምጠው ኖረናል።

እህቴ ቁጡ አልነበረችም። ያን ቀን ግን አባባ ፊት ስትቆም ቤቱ የጠበበ መሰለኝ።

«ይህኛውን እዚህ ነው የምቀብረው።»

«ምኑን?»

«እትብቱን። እዚህ ግቢ።»

«በሕይወት እያለሁ አይሆንም!»

«አባባ፣ ያቺን ሴትዮ ያይዋታል አይደል?»

አባባ ከዘራቸውን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ መታ መታ አደረጉ። እንዲህ ሲያደርጉ ቁጣ ይከተል ነበር፤ እኔም ራሴን ላድን ወደ በሩ ጠጋ ብያለሁ። ቁጣው አልመጣም። ያረጁት ያን ጊዜ ነው፤ ዓይኔ እያየ። እስከዚያ ድረስ ከኖኅ በጥቂት ነው የሚያንሱት እያልኩ ብቀልድባቸውም ሽማግሌ መስለውኝ አያውቁም ነበር።

«ዛፍ ሳያስተክሉን፣ እትብታችንን ሲልኩብን ኖሩ» አለች እታለም። «አገር ናፍቆዎት ነው ብለን። ፈርተው ነው። የሷን ነቅለው የራስዎን መቅበር ፈርተው። ልጆቼ ከየት ይሁኑ? ደጋው አያውቃቸው፣ ይኼኛው አገር አልተነገረው። ከቆርቆሮ ነው የተወለዱት?»

አባባ ተነሡ። ስድስት ሰዓት አልፏል፤ ከተማው ተኝቷል። ባርኔጣቸውን ሳያደርጉ ወጡና ግቢው መሃል፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ልከተል ስል እታለም ክንዴን ያዘች። ከመስኮቱ አየናቸው። በመጀመሪያ በእጃቸው ዓይናቸውን ከለሉ። ቆይተው እጃቸውን አወረዱ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ወደ ጎናቸው ዞር ብለው ነው የሚናገሩት፤ አጠገባቸው ወንበር ላይ ያለ ሰው እንደሚያናግሩ። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፤ ብሰማ ኖሮ እስካሁን አሥር ዓይነት አድርጌ አወራው ነበር።

ሲነሡ ወደ ቤት አልገቡም። ከዘራቸውን ይዘው በበሩ ወጡና የአዮን አጥር ዞረው ደጃፋቸው ላይ ቆሙ። የቀበሌ ስኳራችንን በወረቀት ጠቅልለው ይዘዋል፤ መቼ እንዳነሡት አላየሁም። ከዚያ ጮክ ብለው፣ በደጋው ወግ፣ መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ማደሪያ ሲለምን እንደሚለው አሉ።

«ቤቶች! የእግዜር እንግዳ!»

ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼው አላውቅም ነበር። ያኔ፣ ዛፉ ሳይቆረጥ፣ ሊሉት ይገባ የነበረው ይህን ነበር፤ ለማን ይሉታል፣ ባዶ ነበር ብለው ነበር።

አዮ በሩ ላይ መጡ። እሳቸው ይህን ወግ ከየት እንደሚያውቁት እግዜር ይወቅ፤ ምናልባት አላወቁትም፤ የአባባን ፊት አይተው ነው የገባቸው።

«ብዙ ዘመን ደጅ ቆምክ» አሉ። «ግባ። እንግዳ ሆነህ ግባ።»

«የምቀብረው አለኝ። ሁለት የሞቱ፣ አንድ የሚወለድ።»

«ቅበር። ቦታውን ግን እኔ አሳይሃለሁ።»

አዮ ለመጀመሪያ ጊዜ ግቢያችን ገቡ። አባባ መሃሉን ሲያመለክቱ አዮ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚያ አይሆንም። እዚያ ሰው ተቀምጦበታል።» ወደ ጎን ወሰዱንና ሌላ ቦታ አሳዩን። የቆርቆሮውን ሁለት ጥቅል እዚያ ቀበርናቸው። እታለም አላለቀሰችም፤ አፈሩን ስትደለድል ግን ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው በመዳፏ መታ መታ ታደርገው ነበር። ሦስተኛዋም ሴት ሆና ስትወለድ የእሷንም እትብት አጠገባቸው አስገባን፤ አዮም ከላዩ ከቀፊራ ያመጡትን የሮቃ ችግኝ ተከሉበት።

ልጅቷ ተቀመጠች። ዳኸች። ቆማ ሄደች። ሐኪሙ ትኩሳት ነው ያለን ቀን ነበር፤ ያን ቀን ሁላችንም ተራ በተራ ሞተን ተነሣን፤ እሷ ግን ነጋላት።

አባባ የልጅቷን መሮጥ አይተው ነው የሄዱት። ከመሞታቸው በፊት በአደራ ይሁን ወይ ብለን ስንጠይቃቸው «ተውኝ እስቲ፣ ደከመኝ» አሉ። እንዲሁ ቀበርናቸው። ልብሳችንንም ከሻንጣ አወጣን፤ ግማሹን ብል በልቶት ነበር።

ሮቃው አደገ፤ የሰፈሩ ረጅሙ ሆነ ብል የሚከራከረኝ የለም፤ ጥላውም ደኅና ነው። ድመቶቻችን ግን ከሥሩ ተኝተው አያውቁም። እኩለ ቀን ሲሆን ወደ ግቢው መሃል ይሄዱና፣ መሬቱ እግር በሚያቃጥልበት ቦታ፣ ተንጋለው ይተኛሉ። እታለም እዚያ ቦታ አንድ ማሰሮ ውኃ ታስቀምጣለች። ለድመቶቹ ነው ትላለች።

ልጅቷ ትምህርት ቤት የገባች ዓመት ነው። እኩለ ቀን ነው፤ ሰው ሁሉ ተኝቷል። ስወጣ ግቢው መሃል፣ ዛፉን ትታ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«ወርያ! ምን ትሠሪያለሽ ፀሐይ ላይ? አናትሽ ሊፈላ ነው!»

ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗን አልከለለችም። «የምን ፀሐይ? ና ተቀመጥ አንተ፣ እዚህ እኮ ጥላ ነው» አለችና ቦታ ልትለቅልኝ ፈቀቅ አለች። ፈቀቅ ያለችው በአንድ ጎን ብቻ ነው፤ በሌላው ጎን ሰው እንዳለ ሁሉ ተጠንቅቃ።

ላነሣት ጎንበስ ብዬ አናቷ ላይ እጄን አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ነበር። የሚቀለድ ነገር ያጣሁበት ሁለተኛው ጊዜ ያ ነው። ጫማዬን አውልቄ፣ በጥንቃቄ፣ በተዉልኝ በኩል ተቀመጥኩ።

አጋናኝ እንደሆንኩ ድሬዳዋ በሙሉ ያውቃል። ይህቺን ግን ቀንሼ ነው የነገርኳችሁ።